የጥርሴ ዳፋና የትምህርት ቤቱ ጣሪያ

ጥርስ የሌለው ሰው ነቀምቴ ላይ ማይክራፎን አፉ ሥር እንዲጠጋ መፍቀድ የለበትም። ይህን ምክር በነፃ ነው የምሰጣችሁ፤ እኔ ግን በነፃ አላገኘሁትም።

የፊት ጥርሶቼ ደመወዝ እንደቀረበት ዘበኛ ተራ በተራ ነው የከዱኝ። የመጀመሪያው የበቆሎ እሸት ላይ ቀረ። ሌላው ሳስነጥስ ሄደ። የመጨረሻው ብቻውን መቆሙ አሳፍሮት መሰለኝ፣ አንድ ማለዳ ትራሴ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። እኔም ብዙ አልተከፋሁም። ሽማግሌ ሥራው ምንድን ነው? መመረቅ ነው። "ይባርካችሁ" ለማለት ድድ ይበቃል። ነገር ግን ከንፈሬ የሚደገፍበት አጥር ሲፈርስ አንዳንድ ፊደል እየሾለከ ይጠፋ ጀመር። ከጠፉት ሁሉ የቆጨኝ "ኋ" ነው። "ኋ" ልል አፌን ስከፍት "ሆ" ሆኖ ይወጣል።

ለአንዲት ፊደል የሚያዝን ሰው አለ? ካላችሁኝ፣ እኔ አለሁ። ኑሮዬን የመራሁት በእሷ ነው። ገንዘብ አውጣ የሚል ሰው ሲመጣብኝ መልሴ ዕድሜ ልኬን አንድ ነበር፦ "ኋላ"። ይህች ቃል "እምቢ" አይደለችም፤ እምቢ ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል። "እሺ"ም አይደለችም፤ እሺ ያለ ሰው ብሩ ይጠፋል። "ኋላ" ያለ ግን ስሙንም ብሩንም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለዕድሩ ድንኳን ኋላ፣ ለሰፈሩ መንገድ ጠጠር ኋላ፣ ለመብራት ምሰሶው ኋላ። እኛ ሰፈር፣ ባኬ ጃማ ውስጥ፣ ትንሽ ትልቁ "አባ ኋላ" ይለኛል። ስድብ መስሏቸው ነው፤ እኔ ማዕረግ አድርጌ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ጣሪያው ልግባ። ቀዳዳ ስለነበረ ለመግባት አይቸግርም።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት አንደኛው ሕንፃ ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል። እኛ ጋ የምታድገው የልጅ ልጄ ሲፈን የምትማረው እዚያ ነው። የወለጋን ዝናብ የማያውቅ ካለ፣ ሲመጣ መሄጃውን ረስቶ የሚመጣ እንግዳ ነው ብላችሁ አስቡት። ጠብታው በጀመረ ቁጥር ልጆቹ ዴስካቸውን ተሸክመው ከጥግ ወደ ጥግ ይሰደዳሉ፤ መምህራቸው ጃንጥላ ይዞ ይጽፋል፤ የጻፈውን ዝናቡ ያጠፋዋል። አንድ ቀን ሲፈን ከገመድ ላይ የወረደ ልብስ መስላ እየተንጠባጠበች መጣች።

"ዛሬ ምን ተማራችሁ?" አልኳት።

"የውሃ ዑደት" አለችኝ።

በተግባር የተደገፈ ትምህርት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ከበላይ የመጣው ቃል ግን ቀልድ አልነበረውም። እስከ ፋሲካ ጣሪያው ካልተቀየረ ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹም ከከተማው ማዶ ቡርቃ ጃቶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ተባለ። ሲፈን ትንሽ ናት። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ አቀበት፣ ከባጃጅና ከጭነት መኪና እየተጋፋች ስትመላለስ ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ። መስጠት ግን አልታየኝም። ሰው እኮ ተጨንቆም ስስታም መሆን ይችላል፤ አይጋጭም።

ገቢ አሰባሳቢ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም በጢሜ ምክንያት ተመረጥኩ። ኮሚቴው ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ራሱን ሰበሰበ። ሲሰበሰብ የታሸገ ውሃ ጠጣ፤ ስለ ውሃ እጥረት ሳይሆን ስለሚያፈስ ጣሪያ እየተወያዩ ውሃ መግዛት ምን ይሉታል? ከወላጆች የተገኘችው የመጀመሪያዋ መዋጮ ባነር ሆነች። ባነሩ ትልቅ ነው፤ "የአንድ ልጅ ጣሪያ የሁላችን ጣሪያ ነው" ይላል። እሱን ራሱን ክፍሉ ላይ ብንወጥረው ግማሹን ዝናብ ይከለክልልናል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ "አባባ ይቀልዳሉ" ተብሎ ታለፈ። ቀጥሎ የቴርሞስ ሎተሪ አዞርን። ዕጣው ለሰብሳቢያችን ባለቤት ወጣ። እሷም "የእግዜር ሥራ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ሎተሪ የሚገዛን ጠፋ፤ ሰዉ ከእግዜር ጋር መወዳደር አልፈለገም።

በመጨረሻ በጾሙ መካከል አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጸሎት ቤቱም ሲለቅ፣ ወላጁን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበን ቃል እናስገባው ተባለ። የሠርግ ድንኳን ተተከለ፤ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። ድምፅ ማጉያውም የሠርግ ስለነበረ ሲፈተሽ በስህተት የሙሽራ ዘፈን ለቀቀብን። እኔ ከክብር እንግዳው ጎን ተቀመጥኩ። እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ኦሮምኛ የማያውቁ፣ ፈገግታቸው የማያልቅ ሰው ናቸው።

መድረኩን የያዘው መምህር ገመቹ ነው፤ የስፖርት አስተማሪ። ድምፁ እንኳን ማጉያ ተጨምሮለት፣ ብቻውንም ሩቅ አገር አንገር ጉቲን ይሰማል። ማይኩን ይዞ በየወንበሩ ይዞር ጀመር።

"ማል ኬኒቱ? ምን ይሰጣሉ?" ይላል በሁለቱም ቋንቋ፣ ማምለጫ እንዳይኖር።

አንዱ ተነሣና "እኔ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ሌላዋ "እኔም በሐሳብ ከጎናችሁ ነኝ" አለች። ለእሷም ተጨበጨበ። ሦስተኛው "ሐሳቡ በጣም ዘግይቷል" ብሎ ኮሚቴውን ገሠጸና ተቀመጠ። የዚያን ቀን የተዋጣውን ሐሳብ እንደ ቆርቆሮ ብንመታው ነቀምቴን በሙሉ ይከድን ነበር።

ከእኔ ፊት ለፊት ኦቦ ቶለራ ተቀምጧል። ቶለራ ጎረቤቴ ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። እሱ በጸሎት ቤት፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ብንለያይም በስስት አንድ ሃይማኖት ነን። ጣሪያው እንዲቀየር ከማንም በላይ ይመኛል፤ ቆርቆሮውን ማን እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ። ማይኩ ሲደርሰው ጉሮሮውን ጠራረገና "እኔ በዋጋው ላይ አስተያየት አደርጋለሁ" አለ። እሱም ያው የሐሳብ ወገን ነው።

ቀጥሎ ማይኩ እኔ ዘንድ መጣ።

"አባባ፣ እርስዎስ? ማል ኬኒቱ?"

እኔም እንደ ልማዴ፣ ጢሜን ዳሰስ አድርጌ፣ በርጋታ፣ "ኋላ" አልኩ።

አልኩ ስላችሁ፣ ልል ነበር ማለቴ ነው። ከድምፅ ማጉያው የወጣው "ሆላ!" ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ሆላ በኦሮምኛ በግ ማለት ነው።

"ሆላ!" ብሎ ጮኸ ገመቹ። "ጃርሲ ኬኛ ሆላ ኬኔ! ሽማግሌያችን በግ ሰጡ!"

ግቢው በእልልታ ተነቀነቀ። በሴቶቹ መካከል የተቀመጠችው ባለቤቴ አስካለ ከሁሉ አስበልጣ እልል ስትል በጆሮዬ ለየኋት። ድንገት እልልታዋ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። በቤታችን ውስጥ የበግ ባለቤት ማን እንደሆነ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

እኔም ደንግጬ ተነሣሁና ማይኩን ወደ አፌ ሳብኩ። ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። "አይደለም! ሆላ ነው ያልኩት! ሆላ!"

"ሆላ ላማ!" አለ ገመቹ እየዘለለ። "ሁለት አደረጉት!"

የክብር እንግዳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ላምም ጨመሩ?" አሉኝ። "ላማ" ሁለት ማለት መሆኑን የት ያውቁታል? ጨብጠው አመሰገኑኝ። አፌን ዘጋሁ። ሦስተኛ ጊዜ ብተነፍስ የቀሩኝን ሁሉ አስረክቤ እረኛ ሆኜ እገባ ነበር።

አሁን የገቢ ማሰባሰብን ምሥጢር ልንገራችሁ፤ ኮሚቴዎች ይጻፉት። ሰው ለተቸገረ ልጅ ብሎ ኪሱን አይከፍትም። ለባነር ብሎም አይከፍትም። ሰው ኪሱን የሚከፍተው ከእሱ የባሰ ስስታም ሲሰጥ ያየ ቀን ነው። "አባ ኋላ በግ ሰጠ" የሚለው ወሬ ከወንበር ወንበር ሲሮጥ፣ በሐሳብ ሲደግፉ የነበሩት ሁሉ ቂጣቸው ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል ይቁነጠነጡ ጀመር። አንዱ የአናጢ አበል ቻለ። ሌላዋ እንጨት ቻለች። ሐሳቡ ዘግይቷል ያለው ሰውዬ በኃፍረት ሚስማር ቻለ።

ቶለራ ቀይ ሆነ፤ ከዚያም ጠቆረ። ተነሣ።

"ያ ጃርሳ! አንተ ሽማግሌ፣ በግ ከሰጠህ እኔ በየትኛው ፊቴ ሱቄን እከፍታለሁ? ቆርቆሮው በእኔ ነው! በሙሉ!"

ጭብጨባው ሳያበቃ ግን ጣቱን ቀሰረብኝ። "አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ይህን ሽማግሌ አውቀዋለሁ። በጉ ዛሬ እዚህ ግቢ ገብቶ በዓይኔ ካላየሁት፣ ቆርቆሮዬም ከመጋዘን አይወጣም!"

እንግዲህ እዩት ጉዴን። የሲፈን ጣሪያ በበጉ ቀንድ ላይ ተንጠለጠለ።

ከድንኳኑ ጀርባ አስካለ ደረሰችብኝ።

"አንቱ ሰውዬ! የማንን በግ ነው የሰጡት?"

"አስካሉ፣ ስሚኝ፣ በግ አልሰጠሁም። ሆላ ነው ያልኩት።"

"ይኸው አሁንም ደገሙት!"

"በሆላ! ወደ ፊት! ሌላ ጊዜ ለማለት!"

"ገብቶኛል። እኔም ኋላ አሳይዎታለሁ" አለችኝ። የእሷ "ኋላ" ጥርት ያለች ናት። የአስካለ ጥርሶች አንድም ሳይጎድሉ በየቦታቸው ቆመዋል፤ ሲናገሩ ደግሞ በሰልፍ ነው።

በጉ ዳለቻ ይባላል። ጠቦት ሳለ ገዝታ፣ በእጇ እያጎረሰች፣ ለፋሲካ ያደለበችው ነው። ልጃችን ከአንገር ጉቲን አራስ ልጇን ታቅፋ የምትመጣው ለዚህ ፋሲካ ነው። አስካለ ቅርጫ አትወድም። "ለልጄ ከሰው የተካፈልኩትን ሥጋ አላበላትም" ብላ ዓመቱን ሙሉ ለዳለቻ ከእኔ የተሻለ ምሳ ስታቀርብ ኖራለች። አሁን ምን ትበል? የልጅ ልጇ ጣሪያ በአንድ ወገን፣ የልጇ ፋሲካ በሌላ ወገን። ወደ ቤት አቅጣጫ እየጠቆመች "እኔ በእጄ አልሰጥም። ራስዎ ይሂዱና ያምጡት" አለችኝ።

ሄድኩ። ዳለቻ ግን ከአስካለ በቀር ሰው አያውቅም። ብጎትተው እግሩን ተክሎ ቆመ። ብገፋው ተቀመጠ። ብለምነው አመነዠከ። በኋላ አንድ ብልሃት መጣልኝ። እሷ ስታበላው የምታገለድመውን አበባ ያለበት ሽርጥ አገለደምኩና ድምፄን አቅጥኜ "ና ዳለቻዬ፣ ናልኝ የኔ ጌታ" አልኩ። ትንሽ ተጠራጠረ። ከዚያ ሽርጡን አሸተተና ተከተለኝ። ጢሜን አይቶ ያለፈኝ ይመስለኛል፤ በጎች ቸር ናቸው።

ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ አየን፤ እኔንም በጉንም ሽርጡንም።

"አባባ፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ።"

"በግ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ወንበር ይዟል።"

ይዟል። መሐል ላይ ተንሠራፍቶ ተቀምጧል፤ እኔ ግማሽ ጎኔ ውጭ ነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ዞሮ "የት ነው የሚወርዱት?" ሲል በጉን ነው የጠየቀው።

ግቢው ስንገባ ሳቁም እልልታውም አንድ ላይ ሆነ። ሽርጡን ሳላወልቅ መምጣቴን ያወቅሁት የክብር እንግዳው "ባህላዊ ልብስ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ ነው።

ቶለራ ግን አልሳቀም። "ሁለት ነው የተባለው። ሌላው የት አለ?"

አፌን ልከፍት ስል ራሴን ያዝኩ። ያቺን ቃል አልላትም። "አንተ ሰው" አልኩት ቃል እየመረጥኩ፣ "በጉን በጨረታ እንሽጠው፤ የገዛው ሰው 'መልሼ ሰጥቻለሁ' ካለ በጉ እንደገና ይሸጣል። ሁለቴ የተሸጠ አንድ በግ ሁለት በግ ነው።"

ገመቹ ሒሳቡን ወደደው። ከስፖርት አስተማሪ ጥብቅ ሒሳብ አይጠበቅም። ጨረታው ተከፈተ። የመጀመሪያው አሸናፊ ራሱ ቶለራ ሆነ፤ እኔን ለማሳፈር ብሎ። "መልሻለሁ!" አለ፤ ተጨበጨበለት። ጭብጨባው የጣፈጠው ሌላ ነጋዴ ገዛና መለሰ። ከዚያም ሌላ። ዳለቻ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ቀና ብሎ ያይና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የባነሩን ጥግ መብላት። "የአንድ ልጅ" የሚለውን ጨርሶ "ጣሪያ" ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ባነር ሰው ሲጠቀም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ገዢው እየሳሳ መጣ። አንድ ከሩቅ የመጣ ልኳንዳ ቤት ያለው ሰውዬ እጁን አነሣ። እሱ ደግሞ "እመልሳለሁ" የሚል ፊት የለውም። ዳለቻን የሚያየው በኪሎ ነው። አስካለን አየኋት። ሽርጧ እኔ ወገብ ላይ ነውና እጇ የት እንደሚያርፍ ጠፍቶታል።

"አንድ ጊዜ!" አለ ገመቹ። "ሁለተኛ ጊዜ!"

"እኔ እጨምራለሁ!"

አስካለ ናት። ልኳንዳው ጨመረ። እሷም ጨመረች። ቶለራ ነገሩ ጣመውና እጁን ከፍ ሊያደርግ ሲል ወደ እሱ ዞረች።

"ኦቦ ቶለራ፣ ፋሲካን የት ሊበሉ አስበዋል?"

ፋሲካን በየዓመቱ የሚበላው እኛ ቤት ነውና እጁን ወደ ራሱ ወስዶ ጭንቅላቱን አከከ። ልኳንዳውም የሰዉን ዓይን አይቶ ተወው።

አስካለ ከጉያዋ ስልኳን አወጣችና እየተጫነች ብሩን ለትምህርት ቤቱ ላከች። ሚስቴ የባንክ ሒሳብ እንዳላት እኔና ሕዝቡ እኩል ነው የሰማነው። ገመቹ ማይኩን ዘርግቶ "እትዬ፣ ይመልሱታል?" ቢላት፣ ገመዱን ከእጄ ነጥቃ፣ ሽርጧን ከወገቤ ፈታ፣ በጓን ይዛ ወጣች። ከእሷ በኋላ እኔም ወጣሁ፤ እኔን ግን ማንም አልጎተተኝም።

መንገድ ላይ "ያ ብር ከየት መጣ?" አልኳት።

"ከዕቁቤ።"

"ለምን ነበር ያስቀመጥሽው?"

ቆም ብላ አየችኝ። "ለጥርስዎ ነበር። ለፋሲካ ላስተክልልዎት ነበር ያሰብኩት።"

ከዚያ እስከ ቤት የተናገረ ዳለቻ ብቻ ነው።

ቶለራ ቃሉን ጠበቀ፤ እያለቀሰም ቢሆን ቆርቆሮው ወጣ። አናጢዎቹ ጨርሰው የወረዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ልጆቹ ሲለቀቁ ሲፈን እየሮጠች መጣች፤ ደብተሯ ደረቅ ነው፤ ፀጉሯም። እቤት እስክንደርስ ግን ሁለታችንም በሰበስን፤ ጃንጥላ ይግዙልኝ ካለችኝ ቆይታለች፣ መልሴን ታውቁታላችሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ልጃችን ከአንገር ጉቲን መጣች። ቶለራም ተጠርቶ መጣ፤ ገመቹም። ዳለቻ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሥጋው በጣም ጥሩ ነበር አሉ። አሉ ነው የምላችሁ፤ ጥብሱ ቢላዋን እንኳ የሚታገል ጠንካራ ነበርና ለእኔ የደረሰኝ መረቅ ነው። ቶለራ አጥንት እየጋጠ በየጉርሻው መሐል ዓይኔን እያየ "አይ ጣም!" ይላል።

ገመቹ እጁን እየጠራረገ ወደ እኔ ዞረ። አማርኛው፣ ልብ በሉ፣ የዲያቆን ያህል የጠራ ነው።

"አባባ፣ ልጅ ሳለን እዚህ ግቢ ኳሳችን ገብታ ነበር። ትዝ ይልዎታል?"

"የትኛዋ ኳስ?"

"ስጡን ስንልዎት 'ኋላ' ያሉን። በማግሥቱም 'ኋላ'። እኔ እንግዲህ ይህችን ቃል ከፊደል በፊት ነው የቆጠርኳት። ጥርስ ቢኖራትም ባይኖራትም አልሳሳታትም።"

የመረቁን ሳህን አስቀመጥኩ። ቶለራ አጥንቱን ጥሎ እስኪንፈቀፈቅ ሳቀ። እኔን ነቀምቴ ላይ የሸለተኝ ቋንቋ አይደለም፤ አንዲት ኳስ ናት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልመናዬን ጀመርኩ። "አስካሉ" አልኳት፣ "ጣሪያውም ተከደነ። በጉም ተበላ። እንግዲህ የእኔን ጥርስ መቼ ነው የምታስተክዪልኝ?"

ሳህኖቹን እየሰበሰበች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ በነዚያ በማይጎድሉ ጥርሶቿ መለሰችልኝ።

"ኋላ።"